ዋቢው በደራሲው ስም ይግባ

ስለ ጎጃም ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ሥራ ሳይጠቅስ ማለፍ አይሆንለትም። ለረጅም ዘመን በእጅ ጽሑፍ ሲዘዋወር የኖረውን ይህን ታሪክ ግርማ ጌታሁን አርመውና ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ተማሪው መጽሐፉን ዞቴሮን ወይም ሜንዴሌይን በመሰለ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ውስጥ ሲመዘግብ ግን ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስም ለየብቻ ይጠይቀዋል። ተክለ ኢየሱስ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ዋቅጅራ አባታቸው ናቸው። ስለዚህ አንዱ ተማሪ «ዋቅጅራ፣ ተ.» ብሎ ያወጣቸዋል፤ ሌላው አንዱን ስም ለሁለት ከፍሎ «ኢየሱስ፣ ተ.» ያደርጋቸዋል። የጎጃምን ታሪክ የጻፉት ሰው በገዛ አገራቸው ተማሪዎች የዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ተመራማሪ እጅ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ። የስማችንንና የዘመን አቆጣጠራችንን ሥርዓት ግን እኛ ልናስተምረው ይገባል፤ ይህም ለግለሰብ ተማሪ የሚተው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው።

ሶፍትዌሩ ለምን እንደሚያስፈልግ የመመረቂያ ጽሑፍ ያማከረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው መጽሐፍ ከዝርዝሩ ይጎድላል፤ በዝርዝሩ ያለው ደግሞ የትም ገጽ ላይ አልተጠቀሰም። አንድ አንቀጽ ሲሰረዝ ዋቢው ተረስቶ ይቀራል። አንድ ጆርናል ሌላ የአጠቃቀስ ስልት ከጠየቀ ዝርዝሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ በቅጽበት ያስተካክለዋል። ከፕሮግራሞቹ መካከል የእኔ ምርጫ ዞቴሮ ነው። በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ውስጡም ለማንም ክፍት ነው። ኢንድኖት በገንዘብ ይሸጣል፤ ሜንዴሌይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትልቁ አሳታሚ ድርጅት የኤልሰቪየር ንብረት ነው። ዞቴሮ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በተማሪው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ለቆየው የአማራ ክልል ተመራማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ስሙ ጉዳይ ልመለስ፤ ጉዳቱ ከሚታየው በላይ ነውና። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በአንዱ ዝርዝር «ባሕሩ» በሌላው «ዘውዴ» ተብሎ ሲገባ፣ ጥቅሶችን የሚቆጥሩት የመረጃ ቋቶች የአንዱን ሰው ሥራ ለሁለት ይከፍሉታል። የሥጋ ዝምድና የሌላቸው፣ አባቶቻቸው ግን በስም የተመሳሰሉ ተመራማሪዎች በተቃራኒው ተደባልቀው እንደ አንድ ሰው ይታያሉ። ሴት ተመራማሪ ላይ ሲደርስ ደግሞ በጣም ያሳዝናል፤ እሷ ለፍታ የጻፈችው ሥራ አንድም መስመር ባልጻፉት በአባቷ ስም ይጠራል። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። በዞቴሮ የስም መሙያ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት በመንካት ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ማድረግ ይቻላል። ያኔ «ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ» እንደተጻፈ ይወጣል፣ በ«ተ»ም ይሰደራል። ይህችን ምልክት ግን ለተማሪው ማሳየት ያስፈልጋል።

ዓመተ ምሕረቱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጎዛምኑ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ ብቻውን ከገባ የውጭ አንባቢ እንደ እ.ኤ.አ. ቆጥሮት መጽሐፉን ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር በፊት የታተመ አድርጎ ያነበዋል፤ በእርግጥ የታተመው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የፊደሉ ነገር ደግሞ አለ። ኮምፒውተር «ሀ»ን ከ«ለ» በፊት፣ «ሐ»ን ከ«ለ» በኋላ ይሰድራል። አንዱ ተማሪ «ሀዲስ»፣ ሌላው «ሐዲስ» ብሎ ከጻፈ ሁለቱ መዝገቦች ሲቀላቀሉ ደራሲው በሁለት ቦታ ይሰፍራሉ፤ በመካከል የ«ለ» ደራሲዎች ሁሉ ይገባሉ። «ዓለማየሁ»ን በ«ዓ» ወይም በ«አ» መጻፍም ለፕሮግራሙ ሌላ ሰው መፍጠር ነው።

የውጭ ጆርናሎች የቤተሰብ ስም ካላየን አንቀበልም ይላሉ፣ ስለዚህ እነሱን መከተል ይሻላል የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። ሆኖም ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠኑት ክፍሎች ጉዳዩን ከወሰኑት ቆይተዋል። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚሰድረው በራሳቸው ስም ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ባሕሩ ዘውዴን የሚመዘግበው «ባሕሩ» ብሎ ነው። እንደ እኛ በአባት ስም የሚጠሩት አይስላንዳውያን በአገራቸው ማውጫዎች የሚሰደሩት በመጠሪያ ስማቸው ነው፤ ለዓለም ብለው አልለወጡትም። የውጭው አርታኢ ሥርዓታችንን የሚያከብረው መጀመሪያ እኛው ጽፈን ስናቀርብለት ነው። ፕሮግራሙ ተማሪውን ሰነፍ ያደርገዋል ለሚሉት ደግሞ የስጋታቸውን እውነተኛ ክፍል እቀበላለሁ፤ ከኢንተርኔት የተሳሳተ መዝገብ ያወረደ ተማሪ ስሕተቱን በንጹሕ አቀማመጥ ያወጣዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ገልጦ ያላየ ተማሪ በእጁም ቢጽፍ ይሳሳታል። እያንዳንዱን መዝገብ ከመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ጋር ማመሳከር የአማካሪው ትእዛዝ መሆን አለበት። ዋቢ መጥቀስ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚለው አስተያየት ግን በጎጃም ምድር ላይ አያስኬድም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች ስመ ጥር ቅኔ ሲነገር የማን እንደሆነ አብሮ ይነገራል፤ ቅኔውን ይዞ ባለቤቱን መሰወር እንደ ስርቆት ይታያል።

የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳርና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ የአማርኛ አጠቃቀስ ስልት ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ዞቴሮ የሚሠራባቸው ስልቶች ማንም ከፍቶ ሊያሻሽላቸው የሚችል የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ እስካሁን ከ10,000 በላይ ተዘጋጅተው በነጻ ይታደላሉ። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ አንድ የአማርኛ መምህርና አንድ የኮምፒውተር መምህር ተቀምጠው ስሙ ሳይከፈል እንዲወጣ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲታይ፣ «ገጽ» እና «ቅጽ» በአማርኛ እንዲጻፉ ማድረግ ይችላሉ። ከስልቱ ጎን ለጎን የታወቁ ደራሲያን ስሞች በአንድ ፊደል አጻጻፍ የሚመዘገቡበት የጋራ ዝርዝር ያስፈልጋል። እሱም አለቃ ተክለ ኢየሱስንና ሐዲስ ዓለማየሁን ከመሰሉ የጎጃም ጸሐፍት ተጀምሮ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጥናት ሐሳባቸውን ከማቅረባቸው በፊት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ ቢጫንላቸው ለሥራ ይበቃል።