ልጣጩን ማን ይግዛው?

ሕዝባችን ቆሻሻ መለየት አያውቅም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በሰንጋ ተራ ፎቆች መካከል «ቆራሌው!» ሲባል ሰምተው አያውቁ ይሆን? ጠርሙሱም፣ ቆርቆሮውም፣ አሮጌው ጫማም ተለይቶ ይሸጣል። ገዢ ያጣው የሚበሰብሰው ነው። ይኸውም ከአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው ሲሆን፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ቆሼ ይደፋል። የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ገድሏል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ያቃጥለዋል እንዳይባል፣ እርጥብ ልጣጭ ለእሳት አይመችም። ለብቻው ቢጠራቀም ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ለአትክልት የሚሆን ብስባሽ ይወጣዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለሚበሰብሰው የተለየ መኪና ይመድብ፤ ለይቶ የሰጠውን መልሶ የሚደባልቅ መኪና ከመጣ ማንም ሁለተኛ ጊዜ አይለይም። እኛ ተማሪዎችም ከምግብ ቤታችን ደጃፍ ሁለተኛውን በርሜል እናቁም።