ከአዲስ አበባ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አንዲት እናት ጎረቤቴ «ልጄ፣ አስመራ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ታናሽ እህታቸው እዚያ ናቸው። «ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ዛሬ ስንት ነው?»

እውነታቸውን ነው። በካርታ ላይ አስመራ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፍታቸው እንኳ እኩል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራውን ካቆመ ወዲህ ግን መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ሆኗል። በካይሮ ልዙር ያለ ሰው 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄዶ፣ 1,800 ያህሉን ወደ ደቡብ ይመለሳል። በአየር ላይ ብቻ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የትራንዚቱ ጥበቃና የቲኬቱ ዋጋ ሌላ ጣጣ ነው።

የሚገርመው፣ አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሄደው በአስመራ በኩል ነበር። ያኔ ካይሮ ለመድረስ አስመራ ይታረፋል፤ አሁን አስመራ ለመድረስ ካይሮ ይታረፋል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት መስመሩን ለ20 ዓመት ዘጋው። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲከፈት አንድ አውሮፕላን አልበቃ ብሎ ሁለት ተከታትለው በረሩ። አስመራ ሲደርሱ መሬት የሳሙ ነበሩ። እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ እንባዬ መጥቷል። በመስከረም 2011 ዛላምበሳና ቡሬ ላይ የየብስ ድንበሩም ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተዘጋ። የቀረው ሰማዩ ብቻ ነበር።

እሱስ ለምን ተዘጋ? አየር መንገዱ የሥራው ሁኔታ ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ ኤርትራ ባንክ ያለውን ገንዘቤንም ማንቀሳቀስ አልቻልኩም አለ። የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን በበኩሉ ሻንጣ ይጠፋል፣ በረራ ይዘገያል፣ ዋጋ ይንራል ብሎ ከሰሰ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ያነሱት የሒሳብና የአገልግሎት ጉዳይ ነው። በሌሎች አገሮች መካከል እንዲህ ያለውን የሚፈቱት የባንክና የአቪዬሽን ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ ያልተፈታው፣ በእኔ እምነት፣ የ2010ሩ ሰላም የተገነባው በመሪዎች መተቃቀፍ ላይ ስለሆነ ነው። ገንዘብ እንዴት ይተላለፋል? ቅሬታ ማን ይሰማል? ድንበሩን ማን ያስተዳድራል? እነዚህ ሳይመለሱ ተደሰትን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። መሪዎቹ ሲኮራረፉ ደግሞ የሻንጣ ክርክር እንኳ ሸምጋይ አጣ።

የፖለቲካው ቁርሾ እስኪፈታ ይጠበቅ የሚሉ አሉ። እኔ ተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ለቀብርና ለሠርግ የሚመላለስ ሕዝብ ያለው መስመር፣ መንግሥታት ሲጣሉም የማይቋረጥበት የራሱ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሰው ከሰው ከተቆራረጠ ለጦርነት ወሬ ልጓም አይኖረውም።

ለጎረቤቴ ካይሮንም ሰዓቱንም አስረዳኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እንግዲያው ሩቅ ነው በለኛ» አሉኝ። 700 ኪሎ ሜትር ነው ብዬ ልከራከራቸው አፈርኩ።