ሙቀት ሁሉ የሞተር ጠላት አይደለም

በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ በየዓመቱ ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ከቡና ሲኒ ስለማትበልጥ አንዲት የመኪና ዕቃ አሳቤን ልገልጥ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በእኛ ቤት የእንጀራና የደብተር ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

አጎቴ ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ፣ በቤንዚን የምትሄድ አሮጌ ሚኒባስ አለቻቸው። በሮቢትና በጎብዬ በኩል ከኮቦ ወልድያ እየተመላለሱ በሚያገኙት ገንዘብ የእኔና የሁለት እኅቶቼ የትምህርት ወጪ ይሸፈናል። ካቻምና ይህች መኪና ነዳጅ መብላት አበዛች። አጎቴ ካንዴላ ለወጡ፤ ካርቡራተር አስጠረጉ፤ ጎማውንም አስነፉ፤ ለውጥ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ «አርጅታለች፤ ለሚገዛኝ እሸጣታለሁ» ባሉ ጊዜ እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ዕለት ምሽት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዕረፍት ጊዜ መኪናዪቱን ሳጥብ የሞተር ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ከፍቼ አየሁ። ከሥሩ እንደ ቅቤ ያለ ነጣ ያለ ዝቃጭ ተለጥፎበታል። ደግሞም ወልድያ ደርሰን እስክንመለስ የሙቀት ጌጁ ቀስት ከታች ንቅንቅ እንደማይል አስተዋልኩ። አጎቴን «ቴርሞስታቷ ወዴት አለች?» ብዬ ብጠይቃቸው «እርሷማ ከተጣለች ሦስት ዓመቷ ነው። መኪናዋ ውሃ ስታፈላ መካኒኩ ለቆላ አገር አትረባም ብሎ አወጣት» አሉኝ። በኋላ ሌሎች ሾፌሮችን ብጠይቅ ብዙዎቹ እንደዚሁ ማድረጋቸውን ነገሩኝ።

በበኩሌ ይህ ልማድ ስሕተት ነው እላለሁ። ምክንያቴንም በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የምትቆም በረኛ ናት። በሆዷ ውስጥ ሰም አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩን ትዘጋለች፤ ውሃውም ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ በላይዋ የተጻፈው ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 ዲግሪ ነው፣ ሰሙ ቀልጦ ይሰፋና በሩን ገፍቶ ይከፍታል። የፊዚክስ መምህራችን አብዛኛው ነገር ሲሞቅ ይሰፋል ብለው ያስተማሩን ሕግ እነሆ በዚህች ዕቃ ውስጥ ይሠራል።

በረኛዪቱ ከተባረረች ውሃው ያለማቋረጥ በራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ሞተሩም ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል። የሞተር ዘይት ደግሞ ከውሃው እንኳ ዘግይቶ የሚሞቅ ነው። በመኪኖቻችን ላይ ያለው ጌጅ የሚለካው ውሃውን እንጂ ዘይቱን ስላልሆነ ይህን አናይም። ዘይት መልካም ሥራ የሚሠራው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በ40 ዲግሪ ላይ ያለ የተለመደ የሞተር ዘይት በ100 ዲግሪ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ቀዝቃዛ ማርና የሞቀ ማር ያማሰለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሞተሩ ወፍራሙን ዘይት ለማማሰል የሚያወጣው ኃይል ከቤንዚኑ የሚከፈል ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ ወደ ተንነት ስለማይለወጥ ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ሳይነድ የቀረውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያበላሻል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ዘይቱ ሾልኮ ይገባል። ዘይቱ በሚገባ ቢሞቅ ይህ ውሃ ተንኖ በወጣ ነበር፤ ካልሞቀ ግን እዚያው ይቀራል። እኔ ያየሁት ቅቤ መሳይ ዝቃጭ ከዚህ የመጣ ነው።

«የራያ ቆላ ሙቀት ይበቃዋል፤ ሌላ ሙቀት ምን ያደርግለታል?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የኮቦ አየር 35 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ለእኛ ሐሩር ነው እንጂ 90 ዲግሪ ለሚሻ ሞተር ቀዝቃዛ ነው። ሌላውም «ቴርሞስታት ተዘግታ ብትቀር ሞተር ታቃጥላለች» ይላል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ከመግጠም በፊት በክር አንጠልጥሎ በድስት ውሃ ውስጥ ማሞቅና በቴርሞሜትር እያዩ መክፈቷን መመርመር ይገባል። በሽተኛዋን በደኅና መለወጥ እንጂ ቦታዋን ባዶ መተው መድኃኒት አይሆንም። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታት ስትወጣ ውሃው በአቋራጭ ዞሮ ራዲያተሩን ስለሚሸሽ መኪናው ይብሱን ይፈላል።

ታዲያ የአጎቴን መኪና ያፈላት ምን ኖሯል? ኮቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግን ውሃውን በግፊት ይዞ ከ110 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ያደርገዋል። የእኛ ክዳን ጎማው ተሰነጣጥቆ ነበር። ራዲያተሩም የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በደለኛው ክዳኑና ቅርፊቱ ሆነው ሳለ የተቀጣችው ቴርሞስታት ናት።

አጎቴን ለምኜ ክዳኑን ለወጥን፤ ራዲያተሩን አስጠረግን፤ አዲስ ቴርሞስታት ገጠምን፤ ዘይቱንም መጽሐፉ ባዘዘው ዓይነት ቀየርን። ቀድሞ ከኮቦ ወልድያ ለሁለት ደርሶ መልስ ይበቃ የነበረው ቤንዚን ዛሬ ሦስተኛውን ጉዞ አስጀምሮ ሮቢት ያደርሳል። ሌላም ነገር አብረን ስላደስን ትርፉን ሁሉ ለቴርሞስታት አልሰጥም። ሆኖም መኪናዋ አልተሸጠችም፤ እኅቶቼም ከትምህርት ገበታቸው አልቀሩም።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። አገራችን ነዳጅዋን በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡን አክብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። አሮጌን መጦር ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሾፌሮች ወላጆቻችን ከመጣል በፊት እንዲመረምሩ፣ ሞተር ካስነሡም በኋላ ለረጅም ጊዜ አቁመው ከማሞቅ ይልቅ ቀስ ብለው እንዲነዱ እለምናለሁ። መምህሮቻችንም ቴርሞስታትን በድስት ውሃ የመፈተኑን ሥራ በክፍል ውስጥ ቢያሳዩን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል። እኛ ተማሪዎችም የተማርነውን ከደብተር አውጥተን ለቤታችን ካላዋልነው የተማርነው ለፈተና ብቻ ይሆናል።

አባቶቻችን ቅኔ ሲፈቱ ሰሙን ሳይዙ ወርቁን አይፈልጉም። የእኛ ሾፌሮች ግን በትንሿ ዕቃ ውስጥ ያለውን ሰም ጥለው ወርቃቸውን በጭስ ማውጫ በኩል ሲበትኑ ኖረዋል። ከእንግዲህስ ይብቃ እላለሁ።