ዝም አንበል

የ1990ዎቹን ቀብር የምታስታውሱ እኩዮቼ፣ ይህ ጥሪ መጀመሪያ ለእናንተ ነው። ጎረምሳና ኮረዳ እየሸኘን የሞቱን ምክንያት «ሳንባ ነው»፣ «ወባ ነው» እያልን ስንሸፋፍን ኖረናል። ጥር 1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ ቀብሩ ቀነሰ። ወሬውም አብሮት ቀነሰ። ልጆቻችን የተረከቡት ታዲያ ዝምታውን ነው።

በዝምታ ደግሞ ቂጥኝን የሚያህል ተጠቃሚ የለም። ሲጀምር የሚያወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ያለ ሕክምና ይደርቃል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ በሽታው ግን ደሙ ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ልብና አንጎል ሊጎዳ፣ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ጽንሱን ሊገድል ይችላል። የሚያንገበግበኝ፣ በቀላል የደም ምርመራ የሚታወቅ፣ ሳይቆይ ከተደረሰበትም በአንድ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ የሚድን መሆኑ ነው።

ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። ሳይታከሙ ሲቆዩ የማህፀን ቱቦ ሊዘጉ ይችላሉ። መካን ተብላ የምትፈታው ግን እሷ ናት፤ በሽታውን ይዞላት የመጣውን ማን ይጠይቀዋል?

ወጣቶች ሆይ፣ ኮንዶም ስትገዙ አትፈሩ። ምልክት ባይኖርም ተመርመሩ። ሽንት ሲያቃጥላችሁ ጓደኛ የነገራችሁን ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ጨብጥ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል። ብቻችሁንም አትታከሙ፤ የፍቅር ጓደኛችሁ ካልታከመ ያው በሽታ ይመለስባችኋል። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና በዚያው ከቆየ፣ በወሲብ ለሌላ አያስተላልፍም፤ ይህን ሳታውቁ ሰው አታግልሉ።

ወላጆች፣ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ካንሰሩን በዋናነት የሚያመጣው ቫይረስ በወሲብ ስለሚተላለፍ፣ ክትባቱ የሚበጀው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። «ያመክናል» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ልጃችሁን አታስቀሩ። ስለ ገላዋም እናንተ ንገሯት፤ ከስልኳ ቀድማችሁ።

ባሎች ደግሞ ሚስታችሁ ስታረግዝ ጤና ጣቢያ በር ላይ አትቅሩ። በመጀመሪያው የክትትል ቀን አብራችሁ ግቡ፤ ከእሷ ደም ሲቀዳ ከእናንተም ይቀዳ።