ከጣሪያ በታች የሚበር አይሮፕላን



በጁባ ለሚኖር ሰው አይሮፕላን ብርቅ አይደለም። አየር ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ስለ ሆነ፣ የሚነሣውም የሚያርፈውም ከብዙ ቤት ደጃፍ ይታያል። የዝናብ ወራት ሲገባ በደቡብ ሱዳን ብዙው መንገድ በጭቃና በጎርፍ ስለሚዘጋ፣ ወደ ሩቅ ስፍራ የሚላከው እህልና መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በአየር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ ይመላለሳል። ይሁን እንጂ አይሮፕላንን ማየት ሌላ፣ አይሮፕላንን ማወቅ ሌላ ነው። ዕለት ዕለት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚመለከት ልጅ «ይህ ሁሉ ብረት በምን ኃይል ይነሣል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱን በቃል ብንነግረው ነገ ይረሳዋል፤ በገዛ እጁ ሠርቶ ያገኘውን ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ አይረሳውም። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ተመልካች የነበረውን ልጅ ሠሪ ስለሚያደርግ አንድ የተማሪዎች ውድድር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ «ሳይንስ ኦሊምፒያድ» የሚባል የተማሪ ቤቶች የሳይንስ ውድድር አለ። ከውድድሩ ዓይነቶች አንዱ፣ በብዙ ዓመታት እንደ ታየው፣ በአዳራሽ ውስጥ ሞዴል አይሮፕላን ማብረር ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው አይሮፕላኑን ራሳቸው ይሠራሉ። ኃይሉ ቤንዚን አይደለም፤ ባትሪም አይደለም፤ የተጠመዘዘ የጎማ ክር ነው። ዳኛው ሰዓት ይዞ ይቆማል። አይሮፕላኑ ከተማሪው እጅ ሲለቀቅ መቁጠር ይጀምራል፤ ወለሉን ሲነካ ቆጠራው ያበቃል። ከሁለት በረራዎች የተሻለው ይያዝላቸዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አሸናፊው የፈጠነው አይደለም፤ ሩቅ የደረሰውም አይደለም፤ በአየር ላይ ረዥም ጊዜ የቆየው ነው።

ደንቡ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይለዋወጣል። በአንዳንድ ዓመታት አይሮፕላኑ ያለ ጎማው ከ8 ግራም እንዳያንስ፣ ጎማውም ከ1.5 ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። የቢሮ ሰው ይህን ክብደት በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። በየቀኑ ከምንጽፍበት ነጭ ወረቀት አንዱ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ዘንጉና ፕሮፔለሩ ሁሉ ተደምረው ሁለት ወረቀት አያህሉም ማለት ነው። ከዚህ ቀላል ነገር በጥንቃቄ የሠሩ ተማሪዎች ከ2 ደቂቃ በላይ የሚቆይ በረራ ያገኛሉ።

ነገሩ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። አዋቂዎችም በዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደሩበት የበለጠ ረቂቅ ዓይነት አለ። በዚያ ውድድር የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ55 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም ከ1.4 ግራም ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለው አይሮፕላን ከ20 ደቂቃ በላይ በአየር ላይ ይቆያል። ትንፋሽ እንኳ ስለሚያናውጠው የሚበርበት ስፍራ ፍጹም ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ከዚህ የተነሣ በሩማንያ አገር በስላኒክ ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ ትልቅ የጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ውድድሩ ብዙ ጊዜ ተደርጓል።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንምጣ። አንድ ክንፍ የተሸከመው ክብደት በእጥፍ ቢያድግ፣ በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ኃይል በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ጎማው የያዘው ኃይል ግን ያው የተወሰነ ነው። ስለዚህ የከበደው አይሮፕላን ስንቁን ቶሎ ጨርሶ ይወርዳል፤ የቀለለው ቀስ እያለ ይዞራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ የሳይንስ ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን።

ጎማውም የራሱ ጠባይ አለው። ተማሪው ጎማውን ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ስቦ፣ በእጅ በሚዞር መጠምዘዣ ከ1000 ዙር በላይ ሊያጠነጥነው ይችላል። በዚህ ጊዜ ጎማው ቢበጠስ ዓይን እንዳይመታ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። ጠመዝማዛው ሲፈታ በመጀመሪያ ብርቱ ነው፤ ወዲያው ይለዝባል፤ ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ሳይለዋወጥ ይሠራል፤ በመጨረሻም ይደክማል። የመጀመሪያውን ብርታት ያልገራ ልጅ አይሮፕላኑ ወደ ላይ ተወርውሮ ከጣሪያው ጋር ይጋጭበታል። ብልሁ ልጅ ግን ጎማውን እስከ መጨረሻው ካጠነጠነ በኋላ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ መልሶ ያላላዋል። የሚያስቀረው ኃይል ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ጊዜ ግን ብዙ ነው። ኃይልን ማግኘት ብቻ ሳይሆን ኃይልን መጥኖ መጠቀም ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትምህርት በቀላሉ አይገኝም።

ይህን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። አልፎንስ ፔኖ የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት ነበረ። የዳሌ በሽታ ስለ ነበረበት እንደ አባቱ የባሕር ኃይል መኰንን ሊሆን አልቻለም። እርሱም ፊቱን ወደ አየር ጥበብ መለሰ። በነሐሴ 18 ቀን 1871 በፓሪስ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ፣ ሊቃውንት ቆመው ሲመለከቱ፣ በጎማ ኃይል የሚበር ትንሽ አይሮፕላን ለቀቀ፤ 11 ሰከንድ ያህል በረረ። ክንፉና ጅራቱ እንዲህ ተስማምተው ስለ ተሠሩ የሚነዳው ሰው ሳይኖር ሚዛኑን ጠብቆ ነበር። በማግሥቱ፣ በነሐሴ 19 ቀን፣ በአሜሪካ ኦርቪል ራይት ተወለደ። በ1878 የኦርቪልና የታላቅ ወንድሙ የዊልበር አባት ከመንገድ ሲመለሱ፣ በፔኖ ሐሳብ የተሠራና በጎማ የሚነሣ አንድ መጫወቻ ለልጆቻቸው አመጡላቸው። ልጆቹ እስኪሰበር ድረስ ተጫወቱበት፤ ከተሰበረም በኋላ ሌላ እንዲገዛላቸው አላለቀሱም፤ ራሳቸው አምሳያውን ሠሩ። እነዚህ ሁለት ልጆች አድገው በታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ሰውን የተሸከመ ባለ ሞተር አይሮፕላን አበረሩ። ያ የመጀመሪያው በረራ የቆየው 12 ሰከንድ ነው፤ ከፔኖ መጫወቻ በአንድ ሰከንድ ያህል ቢበልጥ ነው።

በኢትዮጵያም ከማየት ወደ መሥራት ለመሸጋገር ብዙ ጊዜ አልወሰደም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በ1929 ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1935 «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ተሠርታ በረረች። ንድፏን ያወጣው ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ ስሟ የተሰየመው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ወስደዋት በአገራቸው ስትኖር ቆይታ፣ በጥር ወር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የተገዛ ዕቃ ሲያረጅ ይረሳል፤ በአገር የተሠራ ግን ከ80 ዓመት በኋላም ባለቤቱ ይፈልገዋል።

አሁን ጥያቄው ይህ በጁባ እንዴት ይጀመራል የሚል ነው። ውድድሩ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ነዳጅም አይፈልግም። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመረጠው ባልሳ የሚባለው ቀላል የደቡብ አሜሪካ እንጨት ነው። እርሱ ባይገኝ ግን በስሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። የክንፉ ልብስ ከስስ የዕቃ መያዣ ፌስታል ሊቆረጥ ይችላል። ለሞተር የሚሆነው የገንዘብ እስር የሚታሰርበት ጎማ ነው፤ እርስ በርሱ ተቀጣጥሎ ይሠራል። ግሊሰሪን ከሳሙና ጋር ቀላቅሎ ቢቀቡት ቶሎ አይበጠስም። ጎማ በፀሐይ ስለሚበላሽ ግን በጨለማ ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል።

አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን እዚህ ላይ አንድ ቃል እንጠቁም። «ላስቲክ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ገበያ ሲነገር የሚለጠጠውን ማሰሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ የሚሸፈንበትን ስስ ፕላስቲክም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሞዴል አይሮፕላን ሥራ ሻጩን «የሚለጠጥ» ወይም «የሚለበስ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። አለበለዚያ ክንፍ ልንገዛ ሄደን ሞተር ይዘን እንመለሳለን።

ስፍራውን በሚመለከት የሚያስፈልገው ባዶ አዳራሽ ነው። ማራገቢያው ይጥፋ፤ በርና መስኮቱ ይዘጋ። በጁባ ሙቀት ይህ ከባድ መሆኑ ስለሚታወቅ ጧት በማለዳ ማድረግ ይመረጣል። በዚያ ሰዓት አየሩም ይረጋል፤ ልጆቹም አይደክሙም።

ከዕቃውም ከስፍራውም ይልቅ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአዋቂ ሰው እጅ ነው። አባት ወይም መምህር ልጁ ክንፉን አጣምሞ ሲያጣብቅ ባየ ጊዜ መታገሥ ያቅተዋል። «ስጠኝ፣ እኔ ላስተካክለው» ይላል። አይሮፕላኑም ያምራል፤ ምናልባትም ያሸንፋል፤ ልጁ ግን እንደ ቀድሞው ተመልካች ሆኖ ቀረ። ደንቡ «ተማሪዎች ራሳቸው ይሥሩ» ማለቱ ስለዚህ ነው። እንደዚሁም ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ያደረጓቸውን የሙከራ በረራዎች መዝገብ ለዳኛው እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። በመዝገቡ የጎማው መጠን፣ የዙሩ ቁጥርና የቆየበት ጊዜ ይጻፋል። መዝገብ የሌለው ቡድን አይሮፕላኑ መልካም ቢሆን እንኳ ነጥብ ይጐድልበታል። ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን የሚጽፍ ልጅ ምክንያትን ከአጋጣሚ መለየት ይማራል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካው ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ይሆናል።

እንግዲህ የአዋቂው ድርሻ ምንድር ነው? አዳራሹን ማስከፈት፣ ሚዛንና ሰዓት ማቅረብ፣ መነጽሩን መግዛት፣ ከዚያም እጅን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የአዳራሽ ቁልፍ በእጃቸው ያለ፣ ደብዳቤ ፈርመው ተማሪ ቤቶችን ሊያሰባስቡ የሚችሉ ባለሥልጣኖች አሉ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያገኘችው በ2011 ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለዱት ልጆች ዛሬ ለዚህ ውድድር በደረሰው ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። አብራሪ፣ መካኒክና መሐንዲስ ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላቸው አሁን አንድ ነገር ሊያዩ ይገባል።

የመጀመሪያው አይሮፕላናቸው 5 ሰከንድ ቢበር አይናቅባቸው። አምስቱ ሰከንድ በመዝገብ ይጻፍ፤ ለምን አምስት ብቻ እንደ ሆነ ልጁ ራሱ ይመርምር። ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 11 ይሆናል። በ11ኛው ሰከንድ ላይ ከፔኖ ጋር እኩል ደርሷልና፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያሳየው አያስፈልገውም።