ለአዲስ ቤቶች በርና መስኮት ትኩረት ይሰጥ

በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች፣ በተለይም በሰቆጣ ዙሪያ፣ ገበሬው አዲስ ቤት ሲሠራ ድካሙንና ገንዘቡን ይበልጥ የሚያውለው በግንቡና በቆርቆሮው ላይ ነው። በርና መስኮቱ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ወይም የሰርጉ ቀን ሲደርስ በችኮላ የሚገጠሙ ናቸው። በዚህም የተነሳ ግንቡ ሳይነቃነቅ መዝጊያው የሚጣመምበት፣ መስኮቱም ዝናብ የሚያስገባበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ይህ የአንድ አባወራ የግል ጣጣ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በመዝጊያው ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አይጥ ወደ ጎተራው መንገድ አገኘ ማለት ነው። አልገጥም ያለ መስኮት ደግሞ በጨርቅና በጭቃ ይደፈንና ቤቱን ጭስ ይውጠዋል፤ በጭሱ የሚጎዱትም ከምድጃው የማይርቁት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና ስሙን ከዚችው ከተማ የወሰደው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የታለመ መሆኑ ይታወቃል። ለሕፃኑ ገንፎ የሚሆነው እህል ለአይጥ ከተተወ ስለዚህ ዓላማ በስብሰባ መናገሩ ብቻ ብዙ አይራመድም።

ችግሩ የዋግ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም የቤቱን ቁልፍ በተረከቡ ማግስት በሩን አስነቅለው ሌላ ያስገጠሙ ነዋሪዎች ብዙ ናቸው። የከተማው ሰው ገንዘብ ካለው እንዲህ ያደርጋል፤ በሬ ሸጦ ቆርቆሮ የገዛ ገበሬ ግን ሁለተኛ በር ከየት ያመጣል?

ጥፋቱን ሁሉ በአናጢው ላይ ማላከክ የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ ትክክል አይደለም። የአብዛኛው መዝጊያ ሕመም የሚጀምረው እንጨቱ ሲቆረጥ ነው። ባሕር ዛፍ ዛሬ ተቆርጦ በሳምንቱ ሳንቃ ሲሆን ውስጡ ገና ውኃ ነው። ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በስፋቱ ግን ይኮማተራል፤ ከዚያም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ርጥብ እንጨት አቅርቦ «እስከ እሑድ ጨርስልኝ» ካለ የትኛውም አናጢ ሊያድነው አይችልም። እንጨቱን በበጋ ቆርጦ፣ ጫፍ ጫፉን እበት ቀብቶ፣ ሳንቃውን በጥላ ሥር በመካከሉ ነፋስ በሚያሳልፍ እርብራብ መደርደርና ከላዩ ድንጋይ ጭኖ ለወራት ማቆየት ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አናጢው የሚጠየቅበትም አለ። መቃኑ በቱንቢ ሳይለካ ከቆመ መዝጊያው መቼም ቢሆን አይሰነብትም። ይህን ለማወቅ የተማረ ሰው አያሻም፤ መዝጊያውን አጋማሽ ላይ ከፍቶ መልቀቅ ነው። በራሱ ጊዜ ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ ማጠፊያው የተመታበት መቃን ዘሟል። እንደዚሁም ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ በገመድ ሲለካ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መቃኑ አራት ማዕዘኑን ስቷል። ጉበኑ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የግንቡ ክብደት በመቃኑ ላይ ያርፍና በሩ ይጨነቃል። በሰቆጣ አጠገብ ያለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት ጠቢባን ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነበሩ፤ ግድግዳቸው የተፈለፈለ ዓለት ነውና። ድንጋይን ከእንጨት የሚያጋጥም ሰው ግን መለካት አለበት።

አንዴ ለተበላሸውም መፍትሔ አለው፤ ነገር ግን ጊዜውን ማወቅ ይጠይቃል። በነሐሴ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ መዝጊያ አልዘጋ ሲል መላጊያ ይዞ የሚሮጥ ሰው በጥር ነፋስ የሚያስገባ በር ይኖረዋል። የተላላ ማጠፊያ ብሎኑን በማጥበቅ ወይም ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ በማስገባት ይስተካከላል። በመቃኑና በግንቡ መካከል የተመረገው ጭቃ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርምና ጭድ በበዛበት ጭቃ ደግሞ መምረግ ይገባል። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። መቃኑ የዘመመ እንደሆነ ግን መዝጊያውን መላግ ከንቱ ልፋት ስለሆነ፣ ነቅሎ እንደገና ማቆም ነው።

የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሚና እዚህ ላይ ነው። አንድ ቱንቢ፣ አንድ ውኃ ልክና አንድ ሜትር በማኅበሩ ዕቃ ቤት ተቀምጠው ቤት ለሚሠራ ሁሉ በተራ ቢሰጡ ወጪው ከአንድ መዝጊያ ዋጋ የሚበልጥ አይመስልም። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከአባሎቻቸው ባሕር ዛፍ ገዝተው፣ አድርቀው ሳንቃውን ቢሸጡ ለሻጩም ለገዢውም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውል ነው። በአካባቢው ከአናጢና ከግንበኛ ጋር የሚደረገው ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው፤ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ የሚይዘው ነገር ያጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ያዛል፤ የቤት ሥራ ተቋራጭም ለግንባታው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። መሪዎቹ አንድ ገጽ የውል ቅጽ አዘጋጅተው የእንጨቱን ዓይነትና ድርቀት፣ የመቃኑን ልክ፣ የክፍያውን ጊዜ ቢያስጽፉበት የብዙ ሰው አቤቱታ ይቀንሳል። ከክፍያውም ሲሦው ክረምቱ እስኪያልፍ በባለቤቱ እጅ ቢቆይ መልካም ነው፤ አናጢው መስከረም ሲጠባ ተመልሶ መዝጊያውን በሽማግሌዎቹ ፊት ከፍቶ ይዘጋና ቀሪ ገንዘቡን ይቀበላል።