ሞተሩ ሲቃጠል ደሞዛችን ለምን ይቆረጣል?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሃ ሞተር ነው። «የሞተር ነገር ምናችን ነው?» እንዳትሉኝ። እኔ 100 ዶላር ከፍዬበታለሁ።

ቤይሩት፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የምሰራው። አንድ ቅዳሜ መዳም ሻወር ውስጥ እያለች፣ ፀጉሯ ሳሙና እንደሆነ ውሃው ቀጥ አለ። ወዲያው ስሜ ተጠራ። «ምን አበላሸሽ?» ጠዋት «ሞተሩን አብሪው» ብላኝ ማብሪያውን ተጫንኩ እንጂ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። በእርጥብ እጄ ጣሪያ ላይ ወጥቼ እንዳየው ላከችኝ። ሞተሩ ግሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

በማግስቱ የመጣው ሰራተኛ ነገሩን ቁጭ አደረገው። ታንከሩ ባዶ ነበር፤ ሞተሩ ያለ ውሃ ሲዞር ውሎ ተቃጠለ። ውሃ ሲያልቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ጋሌጃንት ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። ይህን እኔም ሰማሁ፣ መዳምም ሰማች። በወሩ መጨረሻ ግን ደሞዜ 100 ዶላር ጎድሎ መጣ። እኔስ ምን አልኩ? «ማሌሽ መዳም» አልኩ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ «ማሌሽ» ናት።

«መጨረሻ የነካው ይክፈል» የሚባለው ነገር የማን ህግ ነው? የእኛ ስራ እኮ መንካት ነው! ማጠቢያውን፣ ፍሪጁን፣ ካውያውን፣ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ የምንነካው እኛ ነን። መጨረሻ የነካው ይክፈል ከተባለ ሁልጊዜ ከፋዮቹ እኛ ነን። ዕቃ ያረጃል። ያረጀበትን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ ውሃ ሲቆም ከመደንገጥ በፊት እነዚህን እዩ።

አንደኛ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ክፈቱ። እዚያ በደንብ ከወረደ ሞተሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የሻወሩ ራስ በነጩ ዝቃጭ ተደፍኖ ነው። ፈትታችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት።

ሁለተኛ፣ መብራት አለ ወይ? ብዙ ቤት የጄኔሬተር ኢሽቲራኩ 5 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 1,100 ዋት ማለት ነው። የውሃ ማሞቂያው ብቻውን ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ሞተሩ ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወድቃል። ማሞቂያውን አጥፉና እጃችሁን አድርቃችሁ ብሬከሩን አንዴ መልሱት። ደግሞ ከወደቀ ተዉት።

ሦስተኛ፣ ታንከሩ ውሃ አለው ወይ? መሬት ቆማችሁ ጎኑን አንኳኩ፤ ባዶ ከሆነ ድምፁ ያስታውቃል። ታንከር ላይ ግን አትውጡ። ባዶ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።

አራተኛ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ አጥፉት። እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ አለቀ። ክዳኑን አትክፈቱ። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይነዝራል። «ጎበዝ ሰራተኛ ሁሉን ትጠግናለች» የሚሉንን አትስሙ። እኛ ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ተብለን አልመጣንም፤ ለሰው ሻወር ብላችሁ አትሙቱ።

ከዚያ ስልክ ያላችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሰዓቱንና ያያችሁትን ለምታምኗት እህት በዋትስአፕ ላኩ። ጠጋኙ ሲመጣ አጠገቡ ቁሙና ምክንያቱን ጠይቁት። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

የ1946ቱ የሊባኖስ የስራ ህግ በአንቀጽ 7 የቤት ሰራተኛን ከህጉ ውጭ አድርጓል። ይህን እያሳዩ «መብት የላችሁም» ይሉናል። ግን በ2009 የወጣው የቤት ሰራተኞች ኮንትራት ደሞዝ በየወሩ መጨረሻ በሙሉ እንዲከፈል ይላል። «በሙሉ» ማለት የሞተር ዋጋ ተቀንሶለት ማለት አይደለም።

አንዳንድ እህቶች «ለ100 ዶላር ብዬ እንጀራዬን አላጣም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ፓስፖርቷ መዳም እጅ ያለ፣ በር የተቆለፈባት እህት አለች። እሷን ማንም አይወቅሳት። ብትቆረጥ እንኳ ቀኑንና መጠኑን ትጻፍ፤ «እኔ ሰበርኩት» ብላ ግን አትመን። ገንዘቡን በጉልበት ይወስዱ ይሆናል፤ ጥፋቱን ግን እኛ ካልተቀበልነው የእኛ አይሆንም።

እሁድ ስንገናኝ ሁለት አረፍተ ነገር አብረን እንለማመድ፦ «ማ ፊ ማይ ቢልኸዛን»፣ ታንከሩ ውስጥ ውሃ የለም። «ሚሽ አና ከሰርቶ»፣ የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ድምፃችን ሳይንቀጠቀጥ እስክንለው ድረስ እንደጋግመው። «ማሌሽ»ን ግን በእውነት ላጠፋነው ጥፋት እናስቀምጣት።